ራሱን የነቀነቀበት ሰኞ

በዚያ የፍራፍሬ እርሻ እቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። መስኮቴ ከጋራዡ ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ መካኒኩ ምን እንደፈታ፣ ምን እንደገጠመ፣ ማን ላይ እንደተቆጣ ብዙም አያመልጠኝም። አሁን ከምነግራችሁ ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግማሹን ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ ከመስኮቴ ስር ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እሱ ራሱ ነግሮኛል። ሲነግረኝ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየኝም።

መካኒኩን ሁላችንም ጆሮ ነበር የምንለው። ታናናሾቹ ጋሼ ጆሮ ይሉታል። ስሙ የወጣለት ገና በጎልማሳነቱ ነው። አንድ ቀን ትራክተር ከሩቅ ሲመጣ ሰምቶ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ የሁለተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ላልቷል አለ። ሲከፈትም እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ሁሉ ሞተሩን ያስነሳና አፉን ዘግቶ ይጠብቀዋል። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ልክ ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ ያዳምጣል። መለኪያ የሚባል ነገር አይወድም። ነጋዴ አዲስ መመርመሪያ ይዞ ሲመጣ፣ እኔ ጋ ሁለት አለ፣ ያውም ሲወልዱኝ የተሰጠኝ፣ ይልና ሁለቱን ጆሮዎቹን በጣቶቹ ይዞ ይጎትታቸዋል። እኛም መቶ ጊዜ የሰማነውን ቀልድ እንደ አዲስ እንስቃለን።

እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ግን ነበር። ካለፉት ሦስት አራት ዓመታት ወዲህ ቀጭን ድምፅ እየጠፋበት ሄዷል። ወፍራሙን ይሰማል። የትራክተር ጉርምርምታ፣ የብረት በር ሲዘጋ፣ የሥራ አስኪያጁ ቁጣ ሁሉም ይደርሰዋል። የስልክ ጥሪ፣ የወፍ ድምፅ፣ የሴት ልጅ ለስለስ ያለ ንግግር ግን ጆሮው ጋ ሳይደርስ እንደ ጭስ ይበተናል። ዕድሜ ልኩን ያለ ጆሮ መሸፈኛ ብረት ሲቆርጥና ሲሞርድ የኖረ ሰው ስለሆነ የሚደንቅ አልነበረም። ያ ስም ባይኖረው ኖሮ ምናልባት ለአንድ ሰው ይናገር ነበር። ጆሮ ተብሎ እየተጠራ አልሰማም ማለት ግን ከበደው። ስለዚህ ከንፈር ማየት ለመደ። ያልገባውን በሳቅ ማለፍ ለመደ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሱን መነቅነቅ ለመደ። ሰው ሲያናግረው ከፍ ዝቅ አድርጎ ይነቀንቅና "እሺ፣ ይሁን" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል።

በእርሻው ውስጥ ውሃ ከፋቿ የምንላት ሴት ነበረች። ሥራዋ ከማለዳ ጀምሮ በባለ አራት ጎማ ሞተሯ በቦዮቹ ዳር ዳር እየዞረች የውሃ መዝጊያዎችን መክፈትና መዝጋት ነው። ያቺ ማሽን እንደ ሞተር ሳይክል በመሪ የምትነዳ፣ ከታች ግን አራት ወፋፍራም ጎማ ያላት፣ ጭቃም ድንጋይም የማይበግራት ናት። ሴትዮዋ ንግግሯ አጭር፣ ፊቷ ፀሐይ የመታው፣ እጇ ጠንካራ ነበር። ማሽኗን እንደ ልጅ ነው የምትይዛት። በየሳምንቱ አርብ እኔ ጋ መጥታ አሮጌ ጨርቅ ትጠይቀኝና ከመሪዋ እስከ ጎማዋ ትወለውላታለች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ማሽኗን ጋራዡ በር ላይ አቁማ ጆሮን ጠራችው። "ጋሼ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ትክ ትክ ማለት ጀምሯል። እስቲ ስማልኝ" አለችው። እሱም እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከጉርምርምታው በቀር ምንም አልሰማም። አንዴ ጋዝ ስጪው፣ አንዴ ልቀቂው እያለ ቆየና ምንም የለውም፣ ጤነኛ ነው አላት። ግንባሯን ቋጠር አደረገች። ድምፁ ለእሷ ይሰማታላ። ነገር ግን ጆሮ ጤነኛ ነው ካለ ማን ይከራከራል? ማሽኗን ይዛ ሄደች።

በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሳ መጣች። እኔ ያን ቀን እቃ ልረከብ ከተማ ወርጄ ስለነበር አላየሁም። እሱ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በመቁረጫ ማሽን የብረት ቱቦ እየቆረጠ ነበር። ከኋላው ቆመችና ድምፁ እንደባሰበት ነገረችው። እስክታየው ድረስ ልንዳው ወይ ብላም ጠየቀችው። እሱ ሰው መቆሙን ያወቀው ግድግዳው ላይ ባረፈው ጥላዋ ነው። ዞር ሳይል ራሱን ነቀነቀ። "እሺ፣ ይሁን" አለ።

ሐሙስ ቀን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ከሩቁ ቦይ ማዶ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። ማሽኗ በትራክተር ተጎትታ መጣች። ጆሮ ሲፈታው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ፣ የውስጡ ብረት ሁሉ ተጫጭሮ አገኘው። ዘይቱ ግን አልጎደለም፤ እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ሙሉ ነበር። ዘይት ሞልቶ ሳለ ሞተር እንደ ደረቀ ሆኖ መቃጠሉ ማንንም መካኒክ ቆም ብሎ ያሳስበዋል። እሱ ግን ማሰብ አልፈለገም። ለጠየቀው ሁሉ ድምፅ እያለው ስለተነዳ ነው እያለ መለሰ።

ለዚሁ ጉዳይ አራት ሰዎች በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ፣ ጆሮ፣ እሷ፣ እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ሥራ አስኪያጁ ችኩል ሰው ነው፤ ነገር እንዲንዛዛበት አይወድም። ስለ ድምፁ ነግራሃለች ወይስ አልነገረችህም ብሎ ጆሮን ጠየቀው። ረቡዕ ነግራኛለች፣ አዳምጬ ምንም አላገኘሁም አለ። ሰኞስ?

ጆሮ ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያረፈችው ጥላ ትዝ አለችው። አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ እንደነበረ ያውቃል። ምን እንዳለው አያውቅም። ነግራኝ ይሆናል፣ አልሰማሁም ይሆናል ቢል ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። እሱ ግን "ሰኞ አልነገረችኝም" አለ።

እሷ ወደ እሱ ዞረች። "ነግሬሃለሁ እኮ፣ ጋሼ። እሺ፣ ይሁን ብለኸኛል።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ ማለላት።

ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው እየመታ ውሳኔውን ነገረን። የማሽኑ ድምፅ እንደባሰ ዳግም ሳታሳውቅ በመንዳቷ ጥፋተኛ ናት፤ ከውሃ ሥራ ተነስታ ወደ ፍሬ መልቀሚያው አዳራሽ ትዛወር። ጻፍኩት። ፈረምን። እሷም ፈረመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜዳ የለመደችው ሴት ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ስር ቆማ፣ ከፊቷ በሚያልፈው ቀበቶ ላይ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው መለየት ሆነ ሥራዋ።

አዲሱ የሞተር እቃ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጆሮ ፒስተኑንም፣ ሲሊንደሩንም፣ ሌላ የተቃጠለውንም ሁሉ ለወጠ። የዘይት ፓምፑን ግን በእጁ ሲያሽከረክረው ስለዞረለት አጥቦ መልሶ ገጠመው። ይህን ሲያደርግ ሥራ አስኪያጁ አንዲት የዘይት ግፊት መለኪያ አስገዝቶ ላከለት። ማሽኗ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ ያለ ነገር አልነበራትም። ከእንግዲህ ማንም ነጂ አላወቅሁም እንዳይለኝ፣ መሪው ላይ ትቀመጥና ሁሉም ይያት፣ ነበር ትእዛዙ።

መለኪያዋን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማትበልጥ ክብ ነገር ናት። ፊቷ ነጭ፣ መርፌዋ ቀይ፣ ቁጥሯ ከዜሮ እስከ ሰባት። ጆሮ የሰው ካልሲ እንደሚያነሳ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወሰዳት። "በስተርጅና ሰዓት ሠሪ አደረጉኝ" አለ።

ሥራ ላይ ሲሆን ግን አይለግምም። በሞተሩ ጎን የዘይቱን መንገድ የሚዘጋ አንድ ትንሽ ቡሎን አለ። እሱን ፈታና በቦታው ቀዳዳ ያለው መጋጠሚያ አስገባ። እንዳያንጠባጥብ በሁለት በኩል ሮንዴላ የሚባለውን ስስ የመዳብ ቀለበት አደረገበት። ከመጋጠሚያው የተነሳችውን ቀጭን ቱቦ ከጭስ ማውጫው አርቆ፣ መሪው ሲዞር እንዳትሳብ ትንሽ አላልቶ፣ በየቦታው እያሰረ እስከ መሪው አደረሳት። ለመለኪያዋ መቀመጫ ከላሜራ ቆርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ፣ ቀለም ቀባላት። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ እጁን ጠርጎ ሞተሩን አስነሳ።

መርፌዋ ወዲያው ከፍ ብላ አራት ላይ ቆመች። ጥሩ ነው። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ወደ ሦስት ወረደች። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አንድ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዜሮ አጠገብ ተጋደመች። ጆሮ መለኪያዋን በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረጋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጉርምርምታው እንደ ወትሮው ነው። የማትረባ መለኪያ ገዝተው አመጡልኝ ብሎ ሊሳደብ ሲል እኔ የማስፈረሚያ ወረቀቴን ይዤ ደረስኩ።

"ይህ ትክ ትክ የሚለው ምንድን ነው?" አልኩት።

ከንፈሬን አየና "ምኑ?" አለኝ።

"ሞተሩ ነዋ። እንደ ጽሕፈት መኪና ይመታል እኮ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ቶሎ ብሎ ሞተሩን አጠፋውና ማስተካከል ይቀረዋል አለኝ። ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመልኝ። እኔም ምንም አልጠረጠርኩም፤ ወይም መጠርጠር አልፈለግሁም። ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

እሱ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚሸሽበት ቦታ አጣ። መጀመሪያ መለኪያዋን ፈትቶ ጎማ ከሚነፋበት ኮምፕሬሰር ጋር አገናኛት። ኮምፕሬሰሩ የራሱ መለኪያ አለው። ሁለቱ አንድ ቁጥር ተናገሩ። ስለዚህ መርፌዋ አልዋሸችም። ቀጥሎ አጥቦ የመለሰውን ፓምፕ አወጣና ክዳኑን ከፈተ። ውስጡ ተቦርቡሯል፤ ጥርሶቹም ተበልተዋል። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ወፍራም ስለሆነ ይህ ፓምፕ እንደምንም ይገፋዋል። ሲሞቅና ሲቀጥን ግን በጥርሶቹ መካከል ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ስር ዘይት ሞልቶ ላይ ያለው ብረት በጥም ይቃጠላል ማለት ነው። መዝጊያው የተሰበረ ቦይ በሉት። ያቺ ሴት ደግሞ ይህን በጆሮዋ ሰምታ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ነግራው ነበር።

የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሃፍረት ትኩስ ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ ይላል። ከአንገት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ጆሮ ጋ ሲደርስ ያቃጥላል። ረቡዕ ሞተሩ እየተንኳኳ ሳለ ጤነኛ ነው ብሏል። ሰኞ ያልሰማውን ነገር እሺ ብሏል። ሐሙስ ሞተሩ ሲቃጠል ጥፋቱን በእሷ ላይ ጥሏል። ከዚያ ቢሮ ተቀምጦ ምሏል፤ ያውም በዓይኑ። በጆሮው ሊምል አልደፈረም።

አዲስ ፓምፕ ከእኔ ወስዶ ገጠመ። አሁን ሞተሩ ቢሞቅም መርፌዋ ሦስት ላይ ጸንታ ቆመች። ነገሩ እዚህ ላይ ሊቀበር ይችል ነበር። አሮጌው ፓምፕ ቁራጭ ብረት መጣያ ውስጥ ገብቷል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ የየክፍሉን አለቆች ይዞ መጣና መለኪያዋን አሳያቸው። ጆሮ ድሮ በጆሮው ነበር የሚሠራው፣ አሁን ደግሞ ዓይን ጨምሯል ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አጨበጨቡ። እሱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያለ ራሱን ነቀነቀላቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ቀናት በመልቀሚያው አዳራሽ አጠገብ ላለማለፍ ዙሪያውን እየዞረ ይገባና ይወጣ ነበር። የአዳራሹ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እሷ ከበሩ ሁለተኛዋ ሆና ነው የምትቆመው። አንድ ጊዜ ረስቶ በዚያ አለፈና ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷ ፍሬዋን መልቀሟን ቀጠለች። እሱ ጫማውን የሚያስር መስሎ አጎነበሰ። ጫማው ደግሞ ማሰሪያ የሌለው የላስቲክ ቦቲ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ማሽኗ ሳሎናቸው ውስጥ ነው። አንድ ምሽት እራቱን ሳይነካ ሲያነሳ አየችውና ሥራዋን ትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ምን ሆነሃል አለችው። እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገራት፤ ፓምፑን፣ ስብሰባውን፣ መሐላውን። የዘለለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ሰኞ ስትነግረኝ ልብ አላልኩትም ብሎ አለፈው።

"አልሰማሁም ማለት ለምን አሳፈረህ?" አለችው።

"ማን አለሽ አልሰማም?"

እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። "ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ ፊትህ ካልቆምኩ የማላናግርህ። ልጃችን በደወለች ቁጥር አባትሽ ተኝቷል የምላት ለምን ይመስልሃል?"

ልጃቸው ሩቅ ነው ያገባችው። አባቷ ድምፅዋን የጠላ መስሏት ስንት ጊዜ እንደጠየቀች ሚስቱ ያን ምሽት ነገረችው። እሱ ደግሞ ልጅቷ እሱን ፈልጋ የማትደውል መስሎት ቂም ይዞ ኖሯል። ሰሃኑን እንደያዘ አለቀሰ። ሚስቱም አብራው አለቀሰች። እኔም ደብቄልህ ነው እዚህ ያደረስኩህ አለችው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ሲኖሩ እንዲያ ተያይተው አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ወደ መልቀሚያው አዳራሽ ሄደ። ቀበቶው እየጮኸ ይሽከረከራል፤ ሣጥን ይጣላል፤ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በሁለት ወገን ቆመዋል። አጠገቧ ሄዶ መናገር ጀመረ። የራሱን ድምፅ መመጠን ስለማይችል፣ በሹክሹክታ የተናገረ እየመሰለው ይጮኽ ነበር። እሷ እጇን ወደ አፏ አድርጋ ቀስ በል ስትለው አልገባውም። ከሴቶቹ አንዷ ምን እንደሚል ለመስማት ቀበቶውን አጠፋችው። በድንገት ጸጥ ባለው አዳራሽ ውስጥ የእሱ ድምፅ ብቻውን ቀረ። "ሰኞ ነግረሽኛል፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ" ሲል ጣሪያው ራሱ መለሰለት።

ሁሉም ዞር ብለው አዩት። እሷ ጓንቷን አወለቀች፣ ክንዱን ያዘችና ወደ ውጪ አወጣችው። ከባዶ ሣጥኖች ክምር ጎን በጥላው አቆመችውና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"አውቅ ነበር" አለችው።

አልሰማ እንደሆነ ብሎ ከንፈሯን ተመለከተ። ደገመችለት።

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። እሱም ራሱን እንዳንተ ነበር የሚነቀንቀው። ቀጣሪዎቹ ከነቁበት ሳምንት ሳይሞላ አሰናበቱት። ከዚያ ወዲያ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ሞተ።"

"ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አልሽ?"

"ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁህ። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁህ። ስትምል ግን ጠላሁህ።"

እሱ ስለዚህች ደቂቃ ሲነግረኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አለ። ምን እንደተሸከመች አስቡት። እሱን ላለማጋለጥ አንድ ቃል ውጣ ሥራዋን አጥታለች። እሱ ስሙን ላለማጣት እሷን ሰጥቷል። ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት አቋረጠችው። ይቅርታህን ለእኔ አታምጣው፣ መጀመሪያ የጻፋችሁትን አጥፉት አለችው። ጓንቷን አጥልቃ ተመልሳ ገባች፤ ቀበቶውም መዞር ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ ጋ የሄደው ያደፈ ቱታውን እንኳ ሳይለውጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ማዳመጥ አልፈለገም። ፋይሉ ተዘግቷል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ አንተን ምን ቸገረህ አለው። ጆሮ፣ ጆሮዬ አይሰማም ብሎ ሲነግረው በሳቅ ፈነዳ። የቀልድ ሁሉ ቀልድ መሰለው። ጆሮ ሳይስቅ ቆሞ ሲያየው ሳቁ አለቀበት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ።

"አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ" አለው ጆሮ።

ይህን ቃል በሥራ ቦታ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያለው ነገር፣ ይህ ከታወቀ እዚህ መቆየትህን እርግጠኛ አይደለሁም ነው። ጆሮም እንዳሰበበትና እውነቱን በደብዳቤ እንደሚጽፍ ነገረው።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ እየነገረኝ። በመካከሉ አንዳንዱን ቃል ላለሳልሰው ብዬ ነበር። "ዋሽቻለሁ" የሚለውን "ተሳስቻለሁ" ላድርገው ወይ አልኩት። አይሆንም አለ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። ምክንያቱም ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ትክ ትክታውን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ፣ እሱ ምኑ ሲለኝ ደንግጬ፣ ከዚያ ወደ መስኮቴ ተመልሼ ሻይ የጠጣሁ ሰው ነኝ። የዚያችን ሴት ጥፋተኝነት በጽሕፈቴ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አንድ ሰው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከዚያ አዳራሽ ሳምንት ቀድማ ትወጣ ነበር።

ደብዳቤው ቢሮ ውስጥ እንዲነበብ ሥራ አስኪያጁ ፈለገ። እሷ ግን አልተስማማችም። አዳራሹ ውስጥ ይነበብልኝ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ምን አጥፍታ መጣች እያሉ ነው የሚያዩኝ አለች። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ካንገራገረ በኋላ እሺ አለ። ቀበቶው ቆሞ፣ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ እኔ አነበብኩ። ጆሮ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የማነበውን እንደማይሰማ አውቃለሁ። ከሴቶቹ ፊት ግን የትኛው መስመር ላይ እንደደረስኩ ይገባው ነበር፤ ቀስ በቀስ እንደ በርበሬ ቀላ።

በሳምንቱ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። እሱን አላሰናበቱትም፤ በእጅ ሙያው የሚተካው ሰው ስላልነበራቸው ነው። ሐኪም ዘንድ ተልኮ ማዳመጫ ተደረገለት። መጀመሪያ ሰሞን ሲያፏጭበት እያወለቀ ኪሱ ይከተው ነበር። ሁለተኛ መካኒክ ተቀጠረ፤ ሞተር የሚያዳምጠው እሱ ሆነ። ጆሮ በፈቃዱ በቀሩት ማሽኖች ሁሉ ላይ የዘይት ግፊት መለኪያ ገጠመ። አዲስ ነጂ ሲመጣ መጀመሪያ መርፌዋን ማንበብ ያስተምረዋል። ሲሞቅ ከሁለት በታች ከወረደች እዚያው አጥፋው፣ እኔን ጥራኝ፣ ፊቴ ቆመህ ንገረኝ ይላል። ጆሮ ብሎ የሚጠራው ሰው እየጠፋ ሄደ። ማንም አልከለከለንም፤ ከአፋችን አልወጣ አለን። ልጁ ግን አሁን ከደወለች ግማሽ ሰዓት ታወራዋለች፤ ጮክ ብላ።

ከውሃ ከፋቿ ጋር በየቀኑ ይገናኛሉ። ማሽኗን ታመጣለች፣ ዘይት ይለውጥላታል፣ የሚያስፈልገውን ትነግረዋለች፣ ትሄዳለች። ይቅርታውንም አንድ ቀን ሰምታዋለች። ተቀብያለሁ ብላዋለች። ነገር ግን ድሮ ጋሼ፣ አንተ ትለው የነበረችው ሴት አሁን እርስዎ ነው የምትለው። ይህን ልብ ያለው ማዳመጫው ከተደረገለት በኋላ ነው። አክብራኝ ይሁን አርቃኝ አላውቅም ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። እሷን ጠይቃት አለችው።

እስካሁን አልጠየቃትም።